በኩርባው ላይ የተደፋው ውሃ

አንዲት ወጣት ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ተራራ ግርጌ ቆማ፣ በጀርባዋ በምታዝለው ቦርሳ ውስጥ ውሃ የሞሉ ሃይላንዶች ትደረድራለች። እያንዳንዱ ሁለት ሊትር ይይዛል። ስድስት ናቸው። ዐሥራ ሁለት ሊትር ውሃ አዝላ ተራራውን ትወጣለች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ክዳናቸውን ትከፍትና ውሃውን መሬት ላይ ትደፋዋለች። ከዚያ ባዶውን ይዛ ትወርዳለች። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ።

ይህን ብታዩ «ምን ነካት?» አትሉም? በአገራችን ውሃ ሽቅብ የሚሸከም ሰው ወይ ሊጠጣው ነው፣ ወይ ሊያበስልበት ነው። ሊደፋው የሚሸከም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ልጅቱ ግን አእምሮዋ ጤነኛ ነው። ጤና የጎደላት በሌላ በኩል ነበር፤ በሳንባዋ።

ስሟን ሶስና እንበላት። ሶስና ከሁለት ዓመት በፊት ታማ ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት ዋጠች። የሚተላለፍ በሽታ ነው ብሎ ሰው በሸሻት በዚያ ጊዜ ሁለት ጓደኞቿ አልሸሿትም። አንደኛዋ መቅደላዊት ናት፤ አፏ የማያርፍ፣ ሳቂታ ልጅ። ሁለተኛው ኪሩቤል ነው፤ ቃሉን ቆጥሮ የሚናገር፣ ቁምነገረኛ። ሦስቱ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብረው ናቸው። መቅደላዊት በፔርሙዝ አጥሚት ይዛ ትመጣለች። ኪሩቤል መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍትና ብዙም ሳያወራ አጠገቡ ይቀመጣል።

ከአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። የኅዳር ገጹ ላይ የራስ ዳሽን ፎቶ አለ። አንድ ቀን ሶስና ከአልጋዋ ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች፤ ከበሩም አንድ እርምጃ ወጣች። ስትመለስ ትንፋሽ አጥሯት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። መቅደላዊት ፎቶውን በጣቷ እየነካካች፣

«ስትድኚ የምንወጣው እዚህ ነው» አለቻት።

«እኔ በሩን መውጣት አቅቶኝ፣ አንቺ ዳሽን ትያለሽ።»

«በሩን ዛሬ ወጣሽው። የቀረው ዳሽን ነው።»

ሶስና እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያም፣ ተመስገን፣ ዳነች። ያንን የኅዳር ገጽ ግን አልጣለችውም፤ ገንጥላ ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አኖረችው።

ለሌላ ሰው ዳሽን ተራራ ነው። ለእሷ ግን ምን እንደነበረ ታያላችሁ? መዳኗን የምታይበት ቦታ ነበር። ጓደኞቿ ያንን ሁሉ የአጥሚት ቀን በከንቱ እንዳልተመላለሱ የምታሳያቸውም እዚያ ነበር። «አያችሁኝ? ዳንኩላችሁ» ልትላቸው ፈልጋ ነበር። ለዚህ ነው መቅረት የማትችለው።

ኪሩቤል ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ዳሽንን ስለወጣ ዝግጅቱን የመራው እሱ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል ከአራት ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ የጤነኛውንም ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚኖሩባት ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ተራራ ሸክም ይዘው መውጣት ጀመሩ። ሸክሙን ውሃ ማድረግን ኪሩቤል የተማረው ከአንድ መንገድ መሪ ነው። ሸክም ይዞ ቁልቁል መውረድ ጉልበት ይጎዳል። ውሃ ግን ሽቅብ ሲወጡ ይከብዳል፤ ጫፉ ላይ ሲደፉት ያልቃል፤ መውረዱ ይቀልላል።

በመጀመሪያው ቀን ኪሩቤል፣ «አቅማችሁን እውነቱን ንገሩኝ። ተራራ ይሉኝታ አያውቅም» አላቸው።

ሶስና ይህን ስትሰማ፣ «የማይችል ይቀራል» ያለ መሰላት። እሱ እንዲህ አላለም። እሷ ግን እንዲህ ብላ ያዘችው። የምንወደው ሰው የተናገረውን ትተን የፈራነውን ስንት ጊዜ ሰምተናል?

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ኪሩቤል «ሙሉውን?» ብሎ ይጠይቃል። ያደረሱት፣ «ሙሉውን» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ምርመራ የለም። ጓደኛሞች ናቸው።

ያን የመጀመሪያ ቅዳሜ ሶስና እስከ መንገዱ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ወጣች። እዚያ ላይ መንገዱ ትልቅ ቋጥኝ ይዞ ይታጠፋል። ኩርባው ላይ ስትደርስ ደረቷ እንደ በሽታዋ ጊዜ ያፏጭ ጀመር። የጓደኞቿ ድምፅ ከላይ ይሰማታል፤ መቅደላዊት አንድ ነገር ብላ ራሷ ትስቃለች። ሶስና ቦርሳዋን አወረደች። አንዱን ሃይላንድ ከፍታ ድንጋዩ ላይ ደፋችው። ውሃው ተንዷቀዷቀ። ደነገጠች። ከላይ ይሰሙኛል ብላ ዙሪያዋን ስትቃኝ፣ ከቋጥኙ ሥር በእሾህ የታጠረች አንዲት የወይራ ችግኝ አየች። ሥሯ ያለው አፈር ለስላሳ ነው። ለስላሳ አፈር ድምፅ አያወጣም። ሌሎቹን ሦስት ሃይላንዶች እዚያ ደፋቻቸው።

በሁለቱ ብቻ ጫፉ ላይ ስትደርስ ጓደኞቿ የየራሳቸውን ደፍተው ጨርሰዋል። ጀርባዋን ሰጥታ የቀረውን ቶሎ ደፋች።

«ሙሉውን?» አላት ኪሩቤል።

«ሙሉውን።»

የመጀመሪያው ቀን ቃሉ ምላሷ ላይ ከበዳት። በሁለተኛው ቅዳሜ ቀለላት። በሦስተኛው ቅዳሜ ኩርባው ላይ ስትደርስ እጇ ራሱ ቦርሳውን ይከፍት ነበር። መቅደላዊት «ይቺ ልጅ ፈረስ ሆነች እኮ» እያለች ታሞግሳታለች። ይህስ ባልከፋ። የባሰው ሌላ ነበር። ኪሩቤል ከመውረዳቸው በፊት ሁልጊዜ አጭር ጸሎት ያደርጋል፤ በጸሎቱ መካከልም «ለሶስና ትንፋሽ እናመሰግንሃለን» ይላል። መቅደላዊት አሜን ትላለች። ሶስና አሜን ማለት አቃታት። ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች።

ልብ በሉ። ከጀርባዋ ስምንት ኪሎ አወረደች። አሜን ለማለት እስኪያቅታት ድረስ ግን ሌላ ሸክም ተሸከመች።

በስድስተኛው ቅዳሜ ጫፉ ላይ ውሃቸውን ሲደፉ፣ ከኋላቸው «አበስኩ ገበርኩ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዘወር ሲሉ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እማማ ትርንጎ ይባላሉ። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ባለው ጎጆ የሚኖሩ፣ የጠፋች በግ ፍለጋ የወጡ እናት ናቸው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው ልጆቼ?»

ኪሩቤል ባርኔጣውን አውልቆ በትሕትና አስረዳቸው። ስለ ዳሽን፣ ስለ ልምምዱ፣ ስለ ጉልበት። እሳቸውም እስኪጨርስ ሰሙት።

«እና ውሃውን ያመጣችሁት ልትደፉት ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ከከተማ?»

«ከከተማ።»

«እኔ ከወዲያኛው ምንጭ አንድ ጀሪካን ለማምጣት ግማሽ ቀኔ ይሄዳል። እናንተ እጓሮዬ ድረስ አምጥታችሁ ትደፉታላችሁ። ተምረዋል የሚባሉት እንግዲህ እናንተ ናችሁ።»

ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ውሃ ተሸክመው ሲወጡ፣ ከጫፉ በታች ጎጆ እንዳለ አይተዋል። ጭሱንም አይተዋል። የሚጠማ ሰው ይኖርበታል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

እማማ ትርንጎ ከዘራቸውን ወደ ሶስና ቀሰሩ። «ይቺ ቀይ ሹራብ ግን አስተዋይ ናት። እሷን ከላይ ሆኜ አውቃታለሁ።»

ሶስና ቦርሳዋን ወደ ኋላዋ ሸሸገች።

«ኩርባው ላይ ያለውን ወይራ በሐምሌ የተከልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከገበያ ሲመለስ ያርፍባት የነበረች ቦታ ናት። ዝናቡ ሲያቆም ደረቀ ብዬ ቆርጬ ነበር። በዚህ ጉልበት ውሃ ይዤ እዚያ ድረስ አልወርድ። አንድ ቀን ባልፍ ሥሩ ረጥቧል። በሌላው ሳምንት ባይ ደግሞ ረጥቧል። ማን ነው ብዬ ከላይ ብጠብቅ ይቺ ናት። እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።» ቀርበውም ሁለቱንም ጉንጯን ሳሟት።

«አንቺ ድብቅ» አለቻት መቅደላዊት። «የምትዘገዪው ለዚህ ነው? እኛ ደክሟት ነው ስንል እሷ ዛፍ ታጠጣለች። አየህ ኪሩቤል? ከሦስታችን አእምሮ የተሰጣት አንዷ ብቻ ናት።»

ኪሩቤልም ፈገግ አለ። እሱ ፈገግ የሚለው በወር አንዴ ነው።

እዚህ ላይ አብረን ቆም እንበል። ሶስና ፊት ለፊት የተከፈተላትን በር ታያላችሁ? ከእንግዲህ መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም። ዝም ማለት ብቻ በቂ ነው። ዝም ካለች ደግ ናት። ዝም ካለች ዳሽን ትሄዳለች። ምስጋናው በሌሎች አፍ ተዘጋጅቶ መጥቶላታል። እስቲ ስንቶቻችን በዚህ በር ገብተን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ትሑት መስለን፣ ያልሠራነውን ምስጋና ተቀብለናል?

ሶስና አሮጊቷ የሳሟት ቦታ ጉንጯ ላይ አቃጠላት።

«ለችግኙ ብዬ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር መቅደላዊት «ምን አልሽ?» አለቻት።

«ለችግኙ ብዬ አይደለም ያፈሰስኩት። አቅቶኝ ነው። ሙሉውን አንድም ቀን አላደረስኩም። ድንጋዩ ላይ ስደፋው ድምፅ ስላሰማ ነው አፈሩ ላይ የደፋሁት። እንዳትሰሙኝ ብዬ።»

መቅደላዊት ወደ ኪሩቤል አየች።

«ስንት ሊትር ነው የምታደርሺው?» አለ ኪሩቤል።

«አራት።»

«አራት።» ቁጥሩን ለራሱ ደገመው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቀሪያለሽ እንዳትለኝ።»

ኪሩቤል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሶስና፣ እኔ ሙሉውን እያልኩ የምጠይቃችሁ ለምን ይመስልሻል?»

«ማን እንደሚሄድ ለመለየት።»

«ለበቅሎ ነው።»

«ለበቅሎ?»

«እዚያ አገር በቅሎ ቀድሞ ነው የሚታዘዘው። መንገድ ላይ ሲደክሙ አንድ አምጡልኝ ቢሉ ከየት ይመጣል? እኔ ሦስታችንም ሙሉ እንችላለን ብዬ፣ ድንኳኑንና ምግቡን የምትጭን አንድ በቅሎ ብቻ ነው ያዘዝኩት። አራት ብትይኝ ሁለተኛ አዝ ነበር። ቦርሳሽን ትይዝልሽ ነበር፤ ሲብስብሽም ትቀመጪባት ነበር። ሳላውቅ ወስጄሽ፣ በዚያ ብርድ ደረትሽ ቢያፏጭ፣ ምን አደርግሽ ነበር?» መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ። ሶስና ኪሩቤል ሲፈራ ያየችው ያን ቀን ነው።

መቅደላዊት አቅፋት፣ «እኔ ደግሞ ፈረስ ፈረስ እልሻለሁ» አለች። «ለካ የሚያስፈልግሽ በቅሎ ነው።»

ሶስና ልክ እንደዚያ እንደ አልጋው ጊዜ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ወደ እማማ ትርንጎ ዞረች። «እማማ፣ ምስጋናዎ ለእኔ አይገባም።»

«ለምን ደፋሽው ብዬ መች ጠየቅሁሽ?» አሉ አሮጊቷ። «ወይራው ጠጥቷል። እኔም ላጠጣው አመስግኛለሁ። አንቺ ብቻ ከዛሬ ወዲያ አውቀሽ አጠጪው።»

ያን ቀን ከመውረዳቸው በፊት ኪሩቤል እንደ ልማዱ ጸለየ። «ለሶስና አራት ሊትር እናመሰግንሃለን» አለ። ሶስናም ድምፅ አውጥታ አሜን አለች።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ውሃ ጫፉ ላይ አልተደፋም። ሁሉም እማማ ትርንጎ በር ላይ ባለው በርሜል ውስጥ ይገለበጥ ጀመር። ሶስና ሁለት ሃይላንድ ይዛ ትወጣለች፤ አንዱን ለወይራው፣ አንዱን ለበርሜሉ። ወይራው ጋ ስትደርስም ወደ ላይ ተጣርታ «እያጠጣሁ ነው» ትላለች። በመጨረሻው ቅዳሜ ሦስት ሃይላንድ አደረሰች። ስድስት ሊትር። ዐሥራ ሁለት አልሆነም። ግን እውነተኛ ስድስት ነበር።

በዚያው የመጨረሻ ቅዳሜ እማማ ትርንጎ ከበርሜሉ አንዲት ትንሽዬ ጠርሙስ ሞልተው ለሶስና ሰጧት። «እኔ ከዚህ ተራራ ሌላ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። «ይቺን እዚያ አድርሱልኝ።»

ጥር ላይ ሄዱ። በሁለት በቅሎ።

«ሶስና ወጣች ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ልንገራችሁ። ጫፉ ሊደረስ ግማሽ ቀን ሲቀር ራሱን ያመመው፣ ያስመለሰው፣ መቆም ያቃተው ኪሩቤል ነው። ከሁሉ ጠንካራው። ከፍታ ማንን እንደሚጥል አይታወቅም። መድኃኒቱ ቶሎ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው፤ እሱ ግን መራመድ አልቻለም። ለሶስና የታዘዘችው በቅሎ የሶስና ቦርሳ ወርዶላት ኪሩቤልን ጭና ከባለቤቷ ጋር ወደ ታችኛው መንደር ወረደች። በቅሎዋ ባትኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሶስና እስከ ዛሬ ማሰብ አትወድም።

ኪሩቤል ኮርቻው ላይ ሆኖ «እናንተ ውጡ» አላቸው። ሶስናና መቅደላዊት ከመንገድ መሪው ጋር፣ ዐሥር እርምጃ ሄደው እያረፉ፣ ዐሥር እርምጃ ሄደው እያረፉ ወጡ። ቀስ ብሎ መሄድን ሶስና ቀድማ ተምራዋለች፤ ያን ቀን መቅደላዊትን ያስተማረቻት እሷ ናት። ጫፉ ላይ የእማማ ትርንጎን ውሃ አንድ አንድ ጊዜ ተጎነጩ። የቀረውን ዘጉት።

ማታ መንደሩ ሲደርሱ ኪሩቤል ተሽሎት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሾርባ ይጠጣል። ሶስና ጠርሙሷን እጁ ላይ አደረገችለት።

«ጫፉ ድረስ?» አላት። «ሙሉውን?»

«ሙሉውን» አለች።

ቃሉ ምላሷ ላይ አልከበደም።

እንግዲህ ወደ እኔና ወደ እናንተ ልመለስ።

የእናንተ ኩርባ የት ነው? ሰው እንዳይሰማ፣ ለስላሳ አፈር ፈልጋችሁ የምትደፉት የት ላይ ነው? በትዳራችሁ ነው? በጸሎታችሁ ነው? ልጆቻችሁ ፊት «አባት አይደክምም» እያላችሁ ነው? እኛ «ሙሉውን» አንልም። የእኛ ቃል ሌላ ነው። «እንዴት ናችሁ?» ስንባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። መልካም ቃል ነው፤ እሱን ተዉ አልላችሁም። ግን ስንት ቀን ባዶ ሃይላንድ ይዘን ብለነዋል? ስንት ቀን ምስጋናን መሸፈኛ አድርገናል? እግዚአብሔር እኮ ለሌለን ዐሥራ ሁለት ሊትር ምስጋና አይፈልግም። ያለንን አራቱን ያውቃል። አሜን ለማለት የሚያስችለንም እሱ ነው።

ደግሞ ይህን አትርሱ። ሶስና በሐፍረት በደፋችበት ቦታ ችግኝ ነበረ። እሷ አልተከለችውም፤ ልታጠጣውም አላሰበችም። ማን እዚያ አስቀመጠው? እናንተ በሐፍረት ያሳለፋችሁት፣ «እዚህስ ከእኔ ምንም አልወጣም» የምትሉት ዘመን ሥር የጠጣ ነገር ይኖራል። ሄዳችሁ እዩት። አመስግኑበት። ከዛሬ ወዲያ ደግሞ አውቃችሁ አጠጡት።

በዚህ ሳምንት አንድ ሰው፣ የሚወዳችሁ ሰው፣ አቅማችሁን ይጠይቃችሁ ይሆናል። በጸሎትም ትጠየቁ ይሆናል። አትፍሩ። አራት ሊትር ያላችሁ አራት በሉ። ጠያቂው ማን እንደሚቀር እየለየ አይደለም።

በቅሎ እያዘዘ ነው። ነገ በዚያች በቅሎ ማን እንደሚድን ደግሞ አናውቅም።